ለሠርጌ የተደበቀ መርዶ

እናቴ ለወታደር ሻይ በነጻ ትሰጥ ነበር። አሰበ ተፈሪ ላይ፣ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አውቶቡሶች ለምሳ ከሚቆሙበት ትንሽ ከፍ ብሎ አንዲት ሻይ ቤት ነበረችን። አባቴ ከሞተ ወዲህ እኔንና ወንድሜን ያሳደገችን በዚያች ቤት ነው። የጫት መኪና ሾፌር፣ ከሂርና የመጣ ነጋዴ፣ ድሬዳዋ የሚሄድ ተማሪ፣ ሁሉም ጠጥቶ ይከፍላል። የወታደር ልብስ የለበሰ ሰው ሲገባ ግን እናቴ «ያንተ ተከፍሏል» ትለዋለች። ማን እንደከፈለለት ሲጠይቃት «የላይኛው» ትላለች። አንዳንዱ ወታደር ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል።

ይህን የጀመረችው ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ በኋላ ነው። ሐሳቧ ቀላል ነበር። እሷ እዚህ የሰው ልጅ ካጠጣች፣ እግዚአብሔር ሰሜን ውስጥ አንዲት እናት ቀስቅሶ የእሷን ልጅ ያስጠጣላታል። በዚህ ነገር ጥርጥር የሚባል አልነበራትም። ክብሪት በመጀመሪያው ጭረት ሲለኮስላት «ተመስገን» ትላለች፤ በሦስተኛው ሲለኮስም «ተመስገን» ትላለች፤ ጨርሶ እምቢ ሲላት ደግሞ «ለበጎ ነው» ትላለች። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው፤ እኔ ግን መከራከር እወድ ነበር።

አስተማሪ ነበርኩ። በዚያ ዘመን አስተማሪ መሆን ማለት እሁድ ጠዋት፣ ሰው ሲያስቀድስ፣ ቀበሌ ውይይት ላይ ተቀምጦ ስለ ዓለም አፈጣጠር መስማት ማለት ነው። እግዚአብሔር የለም ብዬ አላውቅም። የለም የሚለውን መጽሐፍ ግን በብብቴ ይዤ እዞር ነበር፤ መብረቅ ሲመታ ደግሞ በዚያው መጽሐፍ ተከልዬ አማትባለሁ።

«እማዬ፣ እግዚአብሔር የሻይ ተላላኪ ነው እንዴ?» አልኳት አንድ ቀን፣ ብርጭቆ እያጠብኩ።

«ከዚህ የባሰም ሠርቷል» አለችኝ። «የሰው እግር አጥቧል።»

ወንድሜ በሁለት ዓመት ያንሰኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት ሲጠብቅ ነው ቀበሌ የጠራው። ቀልደኛ ነበር። መኪናው ላይ ከተጫነ በኋላ እንኳ «እማዬ፣ ሻይዋ ላይ ውሃ አታብዢ፣ ደንበኛ ይሸሻል» እያለ የሚያለቅሰውን ሰው ሁሉ ያስቅ ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ሰላምታው በሰው በሰው ይደርሰን ነበር። ከዚያ ቀረ። አንድ ክረምት አለፈ፣ ሌላ ክረምት አለፈ፣ ምንም ወሬ የለም። ሄደን ስንጠይቅ «ልጃችሁ ግዳጅ ላይ ነው» ይሉናል። ግዳጅ ምን ያህል ይረዝማል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ አልነበረም።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን የሰው ስም ለጸሎት የሚሰጠው በሁለት ወገን ነው፤ በሕይወት ያሉት ለብቻ፣ ያረፉት ለብቻ። እናቴ የወንድሜን የክርስትና ስም ለንስሐ አባታችን የምትሰጠው ከሕያዋን ጋር ነበር። ወሬው ሲጠፋ አንዳንድ ጎረቤት ቀስ እያለ ይመክራት ጀመር። ሞቶ ከሆነ ነፍሱ ፍትሐት አጥታ ትንገላታለች፤ ምናለ ከዚያኛው ወገን ብታስጠሪው ይሏታል። እሷ ትሰማና «መርዶ ሳይነገረኝ ልጄን እኔ በአፌ አልገድለውም» ትላለች። ከዚያ በኋላ የመከራትን ሰው ሻይ አጠጥታ ትሸኘዋለች። አለ ወይስ የለም የሚለው ነገር ግን ቤታችን ውስጥ እንደ ሦስተኛ ሰው አብሮን ይኖር ነበር፤ ስንበላም ስንተኛም አብሮን ነው።

እንዲህ እያለን አንድ የሂርና ድሬሰር ወደደኝ። ተማሪዎቼን ሊከትብ መጥቶ ነው የተዋወቅነው። ዝምተኛ ነው፤ እኔ ደግሞ የሁለት ሰው ያህል ስለማወራ ተስማማን። ሽማግሌ እንደሚልክ ነገረኝ፤ ቀኑንም ነገረኝ። ለእናቴ ግን ምን ብዬ ልንገራት? ሴት ልጅ ሽማግሌ ይመጣልኛል ብላ አታወራም። ነገሩን አስቀድሞ ለእናቴ ሹክ ማለት የነበረበት የእሱ ወገን ነው፤ እነሱ ደግሞ አንዱ ሌላው ነግሯታል ብሎ ሲያስብ ማንም ሳይነግራት ቀረ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አንዱ የእሱ አጎት ናቸው። ሁለተኛው የእኛው ንስሐ አባት፤ በዚያ ሳምንት ሰሞነኛ ስላልነበሩ ጠዋት መምጣት ይችላሉ። ሦስተኛው ከሻይ ቤታችን አጠገብ መደብ ያለው ጫት ነጋዴ ነው፤ እስላም ነው፣ ሁለቱንም ወገን ያውቃል፣ እናቴን እንደ እህቱ ነው የሚያያት። ጫቱ ከገጠር ሳይገባ ተመልሶ መደቡ ላይ መገኘት ስላለበት በማለዳ እንሂድ ያለው እሱ ነው። አጎትየው ደግሞ በደሳ ከተማ ለቅሶ ደርሰው፣ እዚያው አድረው፣ በመጀመሪያው መኪና ነበር የመጡት። ነጠላቸውን ለለቅሶ እንደለበሱት፣ ጥለቱ ወደ ላይ ተዘቅዝቆ ነበር። ድካም ላይ ስለነበሩ ትዝ አላላቸውም።

እኔ ጓዳ ተደብቄያለሁ። ፊቴ እሳት ሆኗል፣ ሳቄም እየመጣ ነው። እናቴ በሩን ስትከፍት ሰማኋት።

«ነጋያን ቡልቴ?» አላት ጫት ነጋዴው፣ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ደህና አደርሽ እንደሚላት።

«ነጋያ» አለች። «ምነው በጠዋቱ? አባ፣ እርስዎም? ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አሉ አጎትየው፣ ወጉ እንደሚያዘው። ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ እሺ እስኪባል አይቀመጥም። «ቆመን የምንናገረው ነገር ይዘን ነው የመጣነው።»

እናቴ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች። መስቀላቸውን የያዙትን ንስሐ አባቷን አየች። በማለዳ መጥተው አንቀመጥም ያሉ ሦስት ሰዎች። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ ከዚህ ሌላ መልክ የለውም። «ልጄን!» ብላ የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ሻሿን አውልቃ ጣለች፣ ደረቷን መታች፣ መሬት ላይ ወደቀች።

ጎረቤት ወዲያው ሞላ። በእኛ ዘንድ ጩኸት ከተሰማ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ማን ሞተ የሚባለው በኋላ ነው። ሴቶቹ ወንድሜን በስሙ እየጠሩ ያለቅሱለት ጀመር። ንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «አልሞተም! ኧረ በሥላሴ፣ አልሞተም!» ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ጫት ነጋዴው እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «ኒካ ነው! ወላሂ ለኒካ ነው የመጣነው! ማንም አልሞተም!» እያለ ይጮኻል። እኔ ከጓዳ ወጥቼ እናቴን አቅፌ «ለኔ ነው የመጡት፣ እማዬ፣ ለኔ ነው» አልኳት። ሽማግሌ መጣልኝ ብላ በራሷ አፍ የተናገረች የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ቀስ በቀስ ዝም ተባለ። ከውጪ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ አፉን ያዘ። እናቴ መሬቱ ላይ እንደተቀመጠች ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ልጇ አለመሞቱ ደስ ሊያሰኛት ሲገባ ሌላ ፍርሃት መጣባት።

«አባ» አለች፣ «በሕይወት ያለ ልጄን አለቀስኩለት። አሟረትኩበት።»

ንስሐ አባታችን አጠገቧ በርከክ አሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ቢሆንም በርከክ አሉ። «እንባ የትም ወድቆ አይቀርም» አሏት። «ዛሬ ጠዋት አልቃሽ ያጣ ስንት የሰው ልጅ የትም ወድቆ ይሆናል። ያንቺን ለእሱ ያድርግለት።»

«ያ አልቃሽ ያጣው የኔ ልጅ ቢሆንስ?»

አባ መስቀሉን አሳለሟት። ጫት ነጋዴው «አብሽሪ፣ እህቴ፣ ልጅሽ ደህና ነው» አላት። እናቴ ሻሿን ከመሬት አንስታ አሰረችና ለሦስቱም «እንግዲህ ተቀመጡ» አለች። ተቀመጡ። እሺ ማለቷ ነበር። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

አሁን የማወራውን እኔ አላየሁትም፤ በኋላ ከእናቴና ከጫት ነጋዴው ነው የሰማሁት። ሁዳዴ ተጋምሶ ነበር። በአንድ የሥራ ቀን፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ወደ ሐረር ከሚያልፍ አውቶቡስ ላይ በክራንች የሚሄድ ወታደር ወረደ። ሻይ ቤቷን ጠይቆ መጣና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እናቴ እንደ ልማዷ ሻይ ቀዳችለት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ያየዋል እንጂ አይጠጣም።

«ጠጣው፣ ይቀዘቅዛል» አለችው።

«እናቴ» አላት፣ «ልጅሽ ስለዚህች ሻይ ብዙ አውርቶልኛል።»

እናቴ የዚያን ጊዜ አወቀች። ጫት ነጋዴው ሻይ እየጠጣ እዚያው ነበርና እሱም አወቀ። ሊነሣ ሲል እጇን ዘርግታ አስቀመጠችው። ሌሎች ሰዎች ወዲያ ጥግ ላይ ስለ መኪና ያወራሉ። ወታደሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የት እንደሆነ፣ እንዴት እንደሆነ ነገራት። የሆነው ከክረምት በፊት ነበር። እሷ ሕያው ብላ ስሙን ስታስጠራ፣ እሱ አፈር ከለበሰ ቆይቷል።

«ተቀብሯል?» አለችው።

«አዎ። በእጄ ነው የቀበርኩት።»

«ማን አለቀሰለት?»

ወታደሩ ክራንቹን አየ። «ጊዜ አልነበረንም፣ እናቴ» አላት።

አልጮኸችም። ጫት ነጋዴው እስከ ዛሬ የሚገርመው ይህ ነው። በዚያ ማለዳ ምንም ሳይሆን አገር ያነቃነቀች ሴት፣ አሁን እውነቱ ሲመጣ፣ ከጥግ የጠሯትን ሰዎች «መጣሁ» ብላ ስኳር ወሰደችላቸው። ወታደሩን ምሳ አብልታ፣ ጉንጩን ስማ ሸኘችው። ከዚያ ጫት ነጋዴውን አስማለችው። ሠርጉ አልፎ ራሷ እስክትነግረኝ ድረስ ቃል እንዳይወጣው።

«ለቅሶ አይደበቅም» አላት። «ያፈነዳሻል። ኢንሻ አላህ ሠርጉ ለከርሞ ይደርሳል፣ ምን ያስቸኩላል?»

«ለከርሞ ሙሽራውንም ይወስዱታል። የወንድ ልጅ ከርሞ አለ እንዴ በዚህ ጊዜ?» አለችው። «አንዱን ወስደውብኛል። የዚችን ደስታ ግን አልሰጣቸውም።»

ማለ። ለንስሐ አባታችን ደግሞ ራሷ ሄዳ ነገረች፤ ስሙንም ከሕያዋን ወገን አውጥታ ከሙታን ጋር አስገባችው። ለሁለት ዓመት አልገድለውም ያለችውን ልጅ ብቻዋን ሄዳ፣ ብቻዋን ተናግራ መጣች።

ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ ያልተነካ ሻይ የሞላበት ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አገኘሁ። ልደፋው ስል «ተይው፣ የእንግዳ ነው» አለችኝ። እንግዳው የታለ ብዬ አልጠየቅኩም። የሠርግ ልብሴ ነበር ያሳሰበኝ።

ስቅለት ደረሰ። በዚያን ቀን ቤተ ክርስቲያናችን ግቢው ሞልቶ ሰው እስከ መንገድ ይቆማል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ይሰገዳል። እኔም ያንን መጽሐፍ ቤት ትቼ ከእናቴ ጋር ሄድኩ፤ ልታገባ የደረሰች ሴት እግዚአብሔርን ማስቀየም አትፈልግም። እንኳን በእናቴ ዕድሜ ያለ ሰው ወጣቶቹም ዐረፍ እያሉ ነበር የሚሰግዱት። እሷ ግን አላረፈችም። ግንባሯ አፈር ሆነ። ታለቅሳለች፤ እንባ ብቻ አይደለም፣ ድምፅ አውጥታ፣ ደረቷን እየመታች፣ ከሆዷ። በዚያን ቀን የሚያለቅስ ብዙ ስለሆነ ማንም አልገረመውም። እንዲያውም አንዲት ባልቴት «እንዲህ ነው ማዘን፣ እንዲህ ነው ማመን» ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። አባ ሕዝቡን በወይራ ቅጠል እየጠበጠቡ ለእያንዳንዱ ስንት እንደሚሰግድ ሲነግሩ፣ እናቴ ጋ ሲደርሱ ቅጠሉን ዝቅ አድርገው እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ፤ ምንም አላዘዟትም።

ቤት ስንገባ መቆም አቅቷት በር ላይ ተቀመጠች። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም። «እማዬ፣ ምን እንዲህ ያስለቅስሻል? እሁድ ይነሣ የለም እንዴ?» አልኳት።

«እሱስ ይነሣል» አለች።

ሠርጉ በዳግማይ ትንሣኤ ሆነ። ሰው እንደሚለው ሠርጌ ያማረ ነበር። እናቴ ነጭ ለብሳ፣ ሰው እየተቀበለች፣ እልል ስትል ከሁሉ ድምፅ የእሷ ነበር የሚሰማው። ሙሽራው ሲመጣ በር ይዞ አላስገባም የሚለው የሙሽራዋ ወንድም ነው። ማን ይያዝ ተባለ። የሰፈር ወንዶች ልጆች ተጋፉ። እናቴ ሁሉንም ገለል አደረገችና ራሷ በሩ ላይ ቆመች፤ ሚዜዎቹን ጥሩ አድርጋ አስጨነቀቻቸው፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። ስወጣ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ በጆሮዋ «አይዞሽ፣ እሱ ሲመጣ ለሱ ብለን እንደገና እንደግሳለን» አልኳት።

«እግዚአብሔር ያውቃል» አለችኝ። ቶሎ አለቀቀችኝም፤ ስለምለያት መሰለኝ።

ሂርና ሩቅ አይደለም። ግን አዲስ ሙሽራ ቶሎ ቶሎ እናቷ ቤት አትመላለስም፤ ነውር ነው። ጵራቅሊጦስ እንዳለፈ ግን አላስቻለኝም። በአንድ የሥራ ቀን ጠዋት ለማንም ሳልናገር መኪና ተሳፍሬ መጣሁ። ሻይ ቤቷ ዝግ ነበረች። ታማ ይሆናል ብዬ ጫት ነጋዴውን ልጠይቅ ብሄድ የእሱም መደብ ዝግ ነው። የዚያን ጊዜ ደነገጥኩ። ሻይ ቤት በብዙ ምክንያት ይዘጋል፤ ጫት ነጋዴ ግን በገበያ ሰዓት መደቡን የሚዘጋበትን ምክንያት አላውቅም። ጎረቤት የሆነች ሴት እናትሽ ቤተ ክርስቲያን ናት አለችኝ።

ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ጫት ነጋዴው ከግቢው ውጪ፣ አጥሩ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ ተነሣ።

«አንቺ ዛሬ ለምን መጣሽ?» አለኝ።

«እማዬ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት፣ ውስጥ ናት። አብሽሪ» አለኝ። አይኖቹ ቀልተው ነበር።

ውስጥ ገባሁ። ከቤተ ልሔሙ ወዲህ፣ ጽዱ ሥር፣ ጥቂት ነዳያን ዳቦ ይዘው ተቀምጠዋል። እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ቆማለች። ንስሐ አባታችን ጸሎት ላይ ናቸው። በግዕዙ መሀል የወንድሜን የክርስትና ስም ሰማሁ። ያ ስም የብዙ ሰው ስም ነው፤ እናቴ ግን ስሙ ሲጠራ መሬቱን ስማ ተነሣች። የሌላ ሰው ሊሆን እንደማይችል ገባኝ። ቀኑ ሰማንያው ነበር፤ ከሰማችበት ቀን ጀምራ ቆጥራ ሰማንያውን እያወጣችለት ነው።

አላለቀስኩም፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ነው። አባን «እርስዎም ያውቁ ነበር!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ጸሎቱን አላቋረጡም። እናቴን ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። ስንት ነገር ወጣኝ። እኔ ስጨፍር እሱ አፈር ውስጥ፤ እኔ ስኳል እሱ አፈር ውስጥ፤ ለወንድሜ እንዳላለቅስ ማን ፈቀደልሽ አልኳት። ሲመጣ እንደግሳለን ስልሽ እንዴት እግዚአብሔር ያውቃል አልሽኝ አልኳት። እግዚአብሔርሽም አብሮሽ ደበቀኝ አልኩ። ይህንን ያልኩት ቤተ መቅደሱ ፊት ነው። ነዳያኑ ዳቦ መብላት አቆሙ።

እናቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ይዛኝ ወጥታ፣ ጫት ነጋዴው የተነሣበት ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። እሱ ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ፊቷን በቅርብ ሳየው ነው ምን ያህል እንደከሳች የገባኝ። ሠርጌ ላይ ቆማ ሳያት አላየሁትም ነበር። ቁጣዬ አለቀ። ለራሷ ያላለቀሰች፣ ጎረቤት ያላቃቀሳት፣ ፍራሽ ያልተነጠፈላት፣ አይዞሽ ያልተባለች እናት። ሁዳዴን፣ ፋሲካን፣ የእኔን ሠርግ፣ ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ ስኳር ስታማስል።

«እንዴት ቻልሽው?» አልኳት። «ያን ሁሉ ቀን፣ ብቻሽን?»

«ብቻዬን አልነበርኩም» አለች።

እንደ ድሮው ልከራከራት ፈልጌ ነበር።

«ወታደሩ አልቃሽ አልነበረውም ሲለኝ የት ሄጄ ልጩህለት ብዬ ጨነቀኝ» አለች። «ቤት እንዳልጮህ አንቺ አለሽ። ሜዳ እንዳልሄድ ሰው ያየኛል። ሌሊት ትራስ ነክሼ አድራለሁ። ጌታዬ፣ ልጄን እንደ ውሻ ሳላለቅስለት ልቀር ነው ወይ እያልኩ ስለምነው ሰነበትኩ። ስቅለት መጣ። አገሩ ሁሉ ቆሞ ያለቅሳል። ማነው የሞተብሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ስጮህ ጮኹልኝ። ደረቴን ስመታ መቱልኝ።»

ነጠላዋን ሰብስባ አፍንጫዋን ጠረገች።

«የራሱን ለቅሶ አዋሰኝ፣ ልጄ። እኔም ልጄን እዚያ ውስጥ አልቅሼ ቀበርኩት።»

የዚያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። እናቴ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እስኪወጣልኝ ድረስ ዝም በይ ሳትለኝ፣ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።